የአመራር ጠባዮች መደጋገፍ በትምህርት ሥራ፦ ከወላይታ ተሞክሮ አንጻር

መግቢያ

አንድ ትምህርት ቤት ሲዳከም በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ርእሰ መምህሩ ማን ነው?» የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ ሲበረታም ምስጋናው ለዚሁ ለአንድ ሰው ይሰጣል። በዚህ ልማድ ምክንያት ችግር በተፈጠረ ቁጥር ኃላፊ መለወጥ እንደ መጀመሪያ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ብቸኛ መፍትሔ ሲወሰድ ይታያል። ነገር ግን አዲሱ ኃላፊ የቀድሞው ያልነበረውን ይዞ ሲመጣ የቀድሞው የነበረውን ይዞ ላይመጣ ይችላል። ደንብ አጥባቂው በሥራ ወዳዱ፣ ሥራ ወዳዱም በተግባቢው ሲተካ ትምህርት ቤቱ አንዱን ጉድለት በሌላ ጉድለት ይለውጣል እንጂ ጉድለቱ አይሞላም።

ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የዚህ ውጤት መንሥኤዎች ብዙ ናቸው፤ በአመራር ድክመት ብቻ የሚመካኝ አይደለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ውጤት የሚያስከትለው ግፊት፣ አዝዞ የሚያሠራና ቶሎ ውጤት የሚያሳይ አንድ ዓይነት ኃላፊ ብቻ እንዲፈለግ ሊያደርግ ይችላል። ይህም የችግሩን አንድ ገጽታ ብቻ አይቶ መፍትሔ መስጠት ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥራ ላይ የሚታዩትን ዋና ዋና የአመራር ጠባዮች መግለጽ፣ እነዚህም እንዴት እንደሚደጋገፉና ሳይደጋገፉ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል ከወላይታ ታሪክ በተወሰዱ ሁለት ጉዳዮች ማስረዳት፣ በመጨረሻም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ ጥቂት የአሠራር ሐሳቦችን ማቅረብ ነው።

አራቱ የአመራር ጠባዮች

ስለ ሥራ አመራር ከጻፉት ምሁራን አንዱ የሆነው ኢቻክ አዲዜስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን ድርጅት የአመራር ተግባራት በአራት ይከፍላቸዋል። እንደ እርሱ አስተያየት አራቱንም ተግባራት በእኩል ብቃት የሚያከናውን ሰው አይገኝም። ስለሆነም ሊፈለግ የሚገባው እንከን የሌለበት ኃላፊ ሳይሆን እርስ በርሱ የሚሟላ የአመራር ቡድን ነው። አራቱን ጠባዮች ከትምህርት ቤት ሥራ ጋር በማዛመድ እንደሚከተለው ልንገልጻቸው እንችላለን።

ሀ. ፈጻሚ። ይህ ሰው የሚጠይቀው «ዛሬ ምን ይሠራ?» ብሎ ነው። መስከረም ሲገባ ክፍል ተጠርጎ፣ መጽሐፍ ታድሎ፣ ትምህርት በመጀመሪያው ቀን እንዲጀመር ያደርጋል። መምህር ቢቀር ራሱ ገብቶ ያስተምራል። ጠባዩ ከልክ ሲያልፍ ግን ሁሉን በራሱ እጅ ካልሠራ አያምንም፤ ለሌላው ሥራ አያካፍልም፤ እርሱ የታመመ ዕለት ትምህርት ቤቱም አብሮ ይታመማል።

ለ. ሥርዓት ጠባቂ። ይህኛው የሚጠይቀው «እንዴት ይሠራ?» ብሎ ነው። የስም መጥሪያውን፣ የውጤት መዝገቡን፣ የንብረትና የገንዘብ ሰነዱን በየቦታው ያኖራል። ከሦስት ዓመት በፊት የተማረ ልጅ ማስረጃ ሊያወጣ ቢመጣ በዚያው ሰዓት ይሰጠዋል። ጠባዩ ሲበዛ ቅጹ ከልጁ ይበልጥበታል፤ ሪፖርቱ በወቅቱ እስከ ደረሰ ድረስ ትምህርቱ ስለ መሰጠቱ አይጨነቅም።

ሐ. ሐሳብ አፍላቂ። የዚህ ሰው ጥያቄ «ለምን እንዲህ ይሆናል? ሌላስ መንገድ የለም ወይ?» የሚል ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት በአካባቢ ከሚገኝ ነገር መርጃ መሣሪያ ያዘጋጃል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የተማሪ ብዛት ከወዲሁ ያስባል። ሲበዛ ግን አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ መምህራኑም የትናንቱን ሐሳብ ሲይዙ እርሱ ወደ ነገው ተሻግሮ ያገኙታል።

መ. አስማሚ። የዚህኛው ጥያቄ «ማን ያልተሰማ አለ?» የሚል ነው። በመምህራን መካከል የተፈጠረ ቅሬታ ሳይሰፋ ያበርዳል፤ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ በኅብረት እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ያለ ብዙ ቁጥጥርም ሰዎች ሥራውን የራሳቸው አድርገው እንዲይዙት ያበቃል። ጠባዩ ከልክ ሲያልፍ ማንንም ላለማስቀየም ሲል ውሳኔ ያዘገያል፤ ሰላም ያለ ይመስላል እንጂ ችግሩ እንዳለ ይቆያል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ እያንዳንዱ ጠባይ ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ የሚፈልቅ መሆኑ ነው። ሥርዓት ጠባቂውን «አትዘግይ» ብሎ መገሠጽ ይቻላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄውን አጥፍቶ ፍጥነትን ብቻ ማትረፍ አይቻልም። ስለዚህ የሚሻለው መንገድ ጥንቃቄውን ጠብቆ ፍጥነት ያለውን ሰው አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ልዩነት በራሱ መደጋገፍ አይሆንም

የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ቢሮ ማስቀመጥ ብቻውን መደጋገፍን አያስገኝም። እንዲያውም በመጀመሪያ የሚታየው ግጭት ነው፤ የግጭቱም መነሻ ብዙውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን የጥያቄዎቻቸው መለያየት ነው። ፈጻሚው ለአስማሚው ስብሰባ ትዕግሥት የለውም፤ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ሥርዓት ጠባቂው የሐሳብ አፍላቂውን ዕቅድ ሲሰማ በመጀመሪያ የሚታየው በጀቱ ከየት እንደሚመጣና የትኛው መመሪያ እንደሚከለክለው ነው። ሐሳብ አፍላቂውም ይህንን ጥያቄ እንደ ተቃውሞ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ግን ስለ አንድ ሥራ የተለያየ ወገኑን እያዩ ነው።

በእንግሊዝ አገር በሄንሊ የሥራ አመራር ኮሌጅ ሜሬዲት ቤልቢንና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት በዚህ ረገድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ የታተመ ሲሆን፣ ኃላፊዎች በቡድን ተከፍለው በሥራ አመራር ልምምድ የሚወዳደሩበት ነበር። በአእምሮ ፈተና የላቀ ውጤት ያላቸው ብቻ ተመርጠው የተሰባሰቡባቸውና «አፖሎ» የሚል ስም የተሰጣቸው ቡድኖች ያሸንፋሉ ተብሎ ሲጠበቅ ብዙ ጊዜ ከኋላ ተገኙ። ምክንያቱም አባላቱ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ስሕተት በማጋለጥ ጊዜያቸውን ሲያጠፉ፣ ሊሠሩ የሚገባቸው አስፈላጊ ነገሮች ሠሪ በማጣታቸው ነበር። የተሻለ ውጤት ያገኙት አባሎቻቸው የተለያየ ድርሻ መወጣት የሚችሉና ይህንኑ ልዩነታቸውን አውቀው የተጠቀሙበት ቡድኖች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው የጎበዞች መሰባሰብ ብቻ ጎበዝ ቡድን እንደማይፈጥር ነው።

የወላይታ ተሞክሮ፦ ጀማሪና አደራጅ

ከላይ የተገለጸውን ወደ አገራችን ሁኔታ ለማምጣት የወላይታን የልማት ታሪክ መመልከት ይበቃል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። አካባቢዋ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት፣ የገበሬው ማሳ ጠባብ የሆነበት፣ እንሰት፣ በቆሎና ስኳር ድንች የሚመረትበት ነው። የመሬት ጥበት አዲስ ችግር አይደለም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ የወላይታ አውራጃ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ወልደ ሰማዕት ገብረ ወልድ ሕዝቡን በማስተባበር መንገድ በማሠራትና ከደጋው የተጨናነቀውን ሕዝብ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላማ ቦታዎች በማስፈር ይታወቃሉ። ወባና የከብት ገንዲ ወደሚያሰጋው ቆላ ሰውን ወስዶ ማስፈር ድፍረትን የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በዚህ ጽሑፍ አከፋፈል የሐሳብ አፍላቂና የፈጻሚ ጠባይ በአንድነት የታየበት አጀማመር ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አጀማመር ብቻውን ዘላቂነትን አያስገኝም። የሰፈረው ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ ብድርና የብድር መዝገብ፣ የሚመክረው የእርሻ ልማት ሠራተኛ ያስፈልገዋል። በ1962 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ቡድን በተገኘ ብድር የተቋቋመውና በአጭር ስሙ «ዋዱ» ተብሎ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ይህንን ተግባር ተረክቦ የሰፈራውን፣ የግብርና ትምህርቱን፣ የብድሩን፣ የኅብረት ሥራውንና የመንገዱን ሥራ በአንድ አስተዳደር ሥር አደራጀ። ድርጅቱ ዛሬ ራሱን የቻለ ተቋም ሆኖ የለም፤ ወጪውና ውጤቱም ብዙ ክርክር ሊደረግበት የሚችል ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው። ጀማሪው ባይኖር ኖሮ አደራጁ የሚያደራጀው ነገር አያገኝም ነበር፤ አደራጁ ባይከተል ደግሞ የተጀመረው በገዥው ሥልጣን ዘመን ብቻ ተወስኖ የሚቀርበት ዕድል ሰፊ ነበር።

የወላይታ ተሞክሮ፦ የተሳሳተው የመማሪያ መጽሐፍ

ሁለተኛው ጉዳይ በቀጥታ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ ያስከተለው ጉዳትም ከባድ ነው። የወላይታ ቋንቋ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጥቅም ላይ ከዋሉት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ባረጋገጠበት ጊዜም ልጆች በቋንቋቸው ይማሩ ጀመር።

በዚያን ጊዜ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ይተዳደሩ ነበር። የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች በጣም የሚቀራረቡ በመሆናቸው ከአራቱ የተውጣጣ አንድ የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ ከአራቱ ስሞች መነሻ ፊደላት «ወጋጎዳ» ተብሎ ተሰየመ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ታተሙበት። መጻሕፍቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ በተለይ በሶዶና በአካባቢዋ መምህራን፣ ተማሪዎችና ሕዝቡ በብርቱ ተቃወሙ። በ1992 ዓ.ም. ተቃውሞው ወደ ግጭት ተለውጦ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ፤ ትምህርትም ተስተጓጎለ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ጉዳዩ የራስ አስተዳደር ጥያቄና ሌሎችም ፖለቲካዊ ምክንያቶች ያሉበት ስለሆነ በአመራር ጠባይ ብቻ ሊተረጎም አይችልም። ነገር ግን ከሥራ አመራር አንጻር ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሐሳብ አፍላቂ ነበር፤ የቋንቋዎቹን ዝምድና አይቶ ለአራት ሕዝቦች አንድ መጽሐፍ ማዘጋጀትን አሰበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ሀብት የሚቆጥብ ይመስላል። ሥርዓት ጠባቂና ፈጻሚም ነበሩ፤ ዝግጅቱ፣ ኅትመቱና ሥርጭቱ ተከናወነ። የጎደለው አራተኛው ነው። «ይህንን መጽሐፍ የሚይዘው ልጅ፣ የሚያስተምረው መምህር፣ ቤቱ ሆኖ የሚሰማው ወላጅ ቋንቋዬ ነው ይለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከኅትመት በፊት በቂ ሰሚ አላገኘም። ቋንቋ የመግባቢያ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የማንነት ምልክትም መሆኑን ለማወቅ የቋንቋዎችን የቃላት ዝምድና መቁጠር አይበቃም፤ ሰውን ማነጋገር ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ መታየት ያለበት፣ የሦስቱ ጠባዮች ብርታት የአራተኛውን ጉድለት ያላካካሰ መሆኑ ነው። እንዲያውም አባባሰው። ፈጻሚው ደካማ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ሳይሠራጭ ይዘገይ ነበር፤ በመዘግየቱም ቅሬታው ቀደም ብሎ ሊሰማ በቻለ ነበር። ፍጥነት መልካም የሚሆነው አቅጣጫው ከተመከረበት በኋላ ነው። የዕቅድ ባለሙያዎች በየጊዜው ሊያስታውሱት የሚገባ ትምህርት ይህ ነው።

በትምህርት ቤት እንዴት ይሠራበት?

ሐሳቡን በተግባር ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የበልግ እህል ከመድረሱ በፊት ባሉት ወራት የተማሪዎች ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል እንበል። ፈጻሚው ርእሰ መምህር መምህራንን አሰማርቶ ልጆቹን ከየቤቱ ለማስመለስ ይነሣል። ሥርዓት ጠባቂው ምክትል የስም መጥሪያውን ሲመረምር መቅረቱ የሚበዛው በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል፣ ይልቁንም በገበያ ቀን መሆኑን ያገኛል። ሐሳብ አፍላቂው መምህር በገበያ ቀን የትምህርቱ ሰዓት በማለዳ ተጀምሮ ቀደም ብሎ እንዲያበቃ፣ ምገባም እንዲጀመር ያሳስባል። አስማሚዋ የዩኒት መሪ ደግሞ ከወላጆችና ከዕድር ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግራ፣ አንዳንዶቹ ልጆች ወደ ከተማ ለሥራ መላካቸውን ትሰማለች።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢሰማ መፍትሔው ጎዶሎ ይሆናል። ቤት ለቤት የተመለሰ ልጅ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይቀራል፤ መዝገቡም የቀረውን ልጅ ቁጥር እንጂ የሄደበትን ከተማ አይናገርም። አራቱም ሲሰሙ ግን ቅደም ተከተል ይኖራል። በመጀመሪያ መዝገቡ ይናገር፤ ቀጥሎ ወላጅ ይሰማ፤ ከዚያ አማራጭ ሐሳቦች ይቅረቡ፤ ከስምምነት በኋላ በቀንና በኃላፊ ተወስኖ ይፈጸም። በወላይታ «ዳጎ» በሚባለው፣ በሌላው የአገራችን ክፍልም «ደቦ» በምንለው የሥራ ልማድ ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ፣ ማን ምግብና መጠጥ እንደሚያዘጋጅ ሳይነገር ይታወቃል። በትምህርት ቤት ግን ድርሻው አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

ስለሆነም የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

1. ርእሰ መምህርና ምክትል ሲመደቡ የእያንዳንዳቸው የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን ብቻ ሳይሆን አንዱ ለሌላው ማሟያ መሆኑም ይታይ። ሁለት ፈጻሚዎች በአንድ ትምህርት ቤት ሥራ ሲሻሙ፣ በጎረቤቱ ትምህርት ቤት ሁለት ሥርዓት ጠባቂዎች እርስ በርስ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ሊገኙ ይችላሉ።

2. ስብሰባ ሲደረግ ጥያቄዎቹ ይለዩ። ሐሳብ በሚቀርብበት ጊዜ በጀቱና መመሪያው ለጊዜው ይቆይ፤ ሐሳቡ ከተጠራቀመ በኋላ ሥርዓት ጠባቂው ያለ መቋረጥ ይናገር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው አዲሱ ሐሳብ ነው።

3. ሕዝብን የሚነካ ውሳኔ፣ በተለይም ቋንቋን፣ የትምህርት ሰዓትንና የትምህርት ቤት መዋጮን የሚመለከተው፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ይመከርበት። ከኅትመት በኋላ የሚደረግ ምክክር ማሳወቅ እንጂ ምክክር አይባልም።

4. የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች ትምህርት ቤቶችን ሲጎበኙ «ምን ተሠራ?» ከሚለው ጋር «ማን ሳይሰማ ቀረ?» የሚለውንም ይጠይቁ። የሪፖርቱ ቅጽ የሚቆጠረውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ የአስማሚው ሥራ ሁልጊዜ ከምዘና ውጪ ይሆናል፤ የማይመዘን ሥራም ቀስ በቀስ ሠሪ ያጣል።

5. በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በቡድን የሚሰጡ ሥራዎች ዕጩ መምህራን ድርሻ እንዲለዋወጡባቸው ሆነው ይዘጋጁ። ሁልጊዜ ጸሐፊ የሚሆን ዕጩ አንድ ጊዜ ሰብሳቢ፣ ሁልጊዜ ተናጋሪ የሆነውም አንድ ጊዜ መዝገብ ያዥ ይሁን። የሌላውን ሥራ የሞከረ ሰው የሌላውን ጥያቄ በቀላሉ አይንቅም።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ይህ አከፋፈል ሰውን ለመረዳት የሚያግዝ እንጂ በሰው ላይ የሚለጠፍ ስም አይደለም። ማንም ሰው ከአራቱ የአንዱ ብቻ አይደለም፤ በአብዛኛው አንዱ ወይም ሁለቱ ይጎሉበታል እንጂ። ደግሞም ጠባይ እንደ ሥራውና እንደ ዕድሜው ይለወጣል። ስለዚህ «እኔ ሐሳብ አፍላቂ ነኝ» በማለት መዝገብ አለመያዝ፣ ወይም «እኔ አስማሚ ነኝ» ብሎ ያጠፋን አለመገሠጽ ተቀባይነት የለውም። መደጋገፍ ማለት የራስን ግዴታ ለሌላው መጣል ሳይሆን ግዴታን ከተወጡ በኋላ ሌላው በተሻለ የሚያውቀውን እንዲናገር ቦታ መስጠት ነው። አከፋፈሉንም ለዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ መስጫ ማድረግ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ሰዎች እውነተኛ ጠባያቸውን ሸሽገው የሚፈለገውን ጠባይ ማስመሰል ይጀምራሉና።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ጥንካሬ በአንድ ብርቱ ኃላፊ ላይ ብቻ ሊመሠረት አይችልም። የመፈጸም፣ ሥርዓት የመጠበቅ፣ ሐሳብ የማፍለቅና የማስማማት ተግባራት ሁሉ ባለቤት ሊኖራቸው ይገባል። በወላይታ የልማት ሥራ ጀማሪውን አደራጅ ሲከተለው ሥራው ሥር ሊይዝ ችሏል። በ1992ቱ የመማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ ደግሞ ማስማማት ችላ በመባሉ የታተመው መጽሐፍ ያለ ጥቅም ቀርቷል፤ ሊተካ የማይችል የሰው ሕይወትም ጠፍቷል።

ስለዚህ በየደረጃው የምንገኝ የትምህርት ባለሙያዎች አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ የትምህርት ሰዓት ወይም አዲስ መመሪያ ወደ ክፍል ከመላካችን በፊት በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትን ቆጥረን «ከአራቱ የጎደለው የትኛው ነው?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። የጎደለውን ሰው መጥራት ጥቂት ቀናት ሊያዘገየን ይችላል። ሳይጠራ በመቅረቱ የሚመጣውን ጉዳት ግን የሚሸከሙት በአብዛኛው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሌሉት ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ናቸው።